«ቀደር ነው» ከማለታችን በፊት ፍሬኑን እንይ

 

የዛሬው ጥያቄያችን ከጋራዥ የመጣ ነው። የአንድ መኪና ፍሬን እምቢ አለና ሰው ገጨ እንበል። ሁላችንም «የአላህ ቀደር ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ከአላህ ውሳኔ ውጭ የሚሆን ነገር የለም። ግን የፍሬን ሸራው እንዳለቀ መካኒኩ ከሁለት ወር በፊት ለባለቤቱ ነግሮት ከነበረስ? ቀደር የሚለው ቃል ከተጠያቂነት ያወጣዋል?

ለእኛ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ከሐረር መጥቶ ካራማራን ተሻግሮ ወደ ጅግጅጋ የሚወርድ ሹፌር ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ የሚያረጅ ፈሳሽ ነው። ያረጀው ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ጎማም ዕድሜ አለው። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች ተመልከቱ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጣጠቃል።

እነዚህ ሁሉ የሚታወቁ ሰበቦች ናቸው። ቲርሚዚ ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። እርሳቸውም አስሮ እንዲመካ ነገሩት። ግመል አርቢ ለሆነው ሕዝባችን ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ማሰሩ ከተወኩል አይቀንስም፤ የተወኩል አካል ነው። ዑመርም (ረ.ዐ) ወረርሽኝ ወዳለበት ሻም ላለመግባት ሲመለሱ፣ መመለሳቸውም ራሱ በአላህ ቀደር ውስጥ እንደሆነ አስረድተዋል። ፍሬን ማሠራትም እንዲሁ ቀደር ነው። ቀደር መከራ ከደረሰ በኋላ ልብን ማጽናኛ እንጂ ከመድረሱ በፊት የስንፍና መሸፈኛ አይደለም።

በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም ስለ ትራፊክ አደጋ ሲወስን፣ ሹፌሩ በሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አስቀምጧል። ነፃ ከሚያወጡት ምክንያቶች አንዱ ሊከላከለው የማይችለው ኃይል ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ግን መከላከል የሚቻል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእኛ አገር ሰው በስህተት ሲሞት ጎሳው ተሰባስቦ ማግ ይከፍላል። ይህ መልካም ትስስር ነው፤ የሟች ቤተሰብ ይካሳል፣ ቂም ይበርዳል። ነገር ግን በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ ከደም ካሳው ጋር ከፋራም ተደንግጓል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት ላልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም። ካሳውን ዘመድ ይጋራል። ያንን ጾም ግን ማንም አይጾምለትም። ጎሳ ገንዘቡን ይሸከማል፤ ቸልተኝነቱን አይሸከምም።

«ገንዘብ የለኝም» የሚል ወንድም ሐቅ አለው፤ መለዋወጫ ውድ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት ካልተቻለ ቅደም ተከተል ይኑር፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት፣ ከዚያ ቴፑና ቀለሙ። የከበደው ጉዳይ የባለቤቱና የተቀጣሪው ሹፌር ነው። የባጃጁን ገቢ በየማታው የሚቀበል ባለቤት ጥገናውን ለነገ ካለ፣ የልጁን ነፍስና የተሳፋሪውን ሕይወት በአማና ይዞ እየተጫወተበት ነው። ሹፌሩም አደጋውን እያወቀ ርዝቄ ይቋረጣል ብሎ ሰው መጫን የለበትም። ርዛቂው አላህ ነው፤ ይህን ማለት ቀላል ባይሆንም።

ቦሎ በዓመት አንድ ቀን ይመረምራል። የቀሩትን ቀናት የሚያይ ጌታ አለ። ነገ ጠዋት የጉዞ ዱዓ ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ዙሩ፦ ጎማውን፣ ከሥር የፈሰሰ ዘይት እንዳለ፣ የፍሬን ዘይቱን መጠን፣ መብራቱን። ከዚያ ቢስሚላህ ብላችሁ ተነሡ።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።