ላደረገልህ አድርግለት፣ ወይም ንገርለት

ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ውለታ በሚቆጠርበት ቦታ ነው። ሰርግ ላይ ማን ጠላ እንደጠመቀ፣ ለቅሶ ላይ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ የታመመውን ማን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ እንዳደረሰ በየመንደሩ ይታወሳል፤ ቀኑ ሲደርስም ይመለሳል። መመለስ ያቃተው ሰው ደግሞ ቢያንስ አፉን ይከፍታል። «እከሌ ባይኖር ኖሮ ወድቄ ቀርቼ ነበር» ይላል፤ የሚለውም ሰው በተሰበሰበበት ነው። ተረቱ የሰውን አቅም ያውቃል። ውለታ ሁሉ በውለታ እንደማይመለስ ተረድቶ፣ እጁ ላጠረበት ሰው ሁለተኛ አማራጭ ትቶለታል።

ተረቱ ወደ ኮሌጅ ግቢ ሲገባስ? በየዓመቱ የምረቃ ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች «አጋር አካላት» የሚሏቸውን ወደ መድረክ ይጠራሉ። ካባ ይደረባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከታዳሚው ወንበር ላይ ደግሞ አራት ወይም አምስት ዓመት ለተማሪዎቹ ቤቱን ከፍቶ የኖረ የከተማ ሰው ተቀምጦ ያጨበጭባል። ተረቱን በዚህ ሁኔታ መፈተን ይገባል።

ከተማሪ የበለጠ እጁ ያጠረ ተቀባይ በአገራችን አልነበረም። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የቤተ ክህነት ትምህርት ለዘመናት የቆመው በገበሬው ደጅ ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየበሩ ይቆማል፤ ውሻውን በበትሩ እየመከተ ይጠብቃል፤ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይቀበልና ወደ ጎጆው ተመልሶ ዜማውን ይቀጽላል፣ ቅኔውን ይቆጥራል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች የተማሩ ደረሳዎችም እንዲሁ የአካባቢው ሕዝብ እየመገባቸው ነው ኪታብ የቀሩት። የቆሎ ተማሪው አድጎ መሪጌታ ሲሆን ምናልባት በሌላ አውራጃ ደብር ይቀመጣል። ቁራሹን የሰጠችው ሴት ማንን እንዳስተማረች ሳታውቅ ታልፋለች።

ተረቱ የመጀመሪያ ፈተናው ላይ እዚህ ይሰናከላል። ለዚያች ሴት ማንም አላደረገላትም፤ ማንም አልነገረላትም። እንዲያም ሆኖ ሥርዓቱ ለመቶዎች ዓመታት አልፈረሰም፤ ምክንያቱም የሰጠችው ለልጁ ብላ ሳይሆን ለማርያም ስም ነው። ወንጌልም እስልምናም ምጽዋት በስውር መደረጉን ያከብራሉ። ስለዚህ የሰጪው ዝምታ የራሱ ክብር አለው። የተቀባዩ ዝምታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተረቱም የሚናገረው ተቀባዩን ነው። ስሟን አልናገርም ማለት የእርሷ መብት ነው፤ ስሟን መርሳት ግን የማንም መብት አይደለም።

ዘመናዊው ኮሌጅ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ደብዳቤ፣ ፊርማና በጀት ይዞ። የጎንደር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ፣ በቆላድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ያኔ በኢትዮጵያ ሐኪም የሚያስመርቅ አንድም ትምህርት ቤት አልነበረም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት በጋራ አቋቋሙት። ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ፣ በጊዜው ስሙ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ፣ አብሮት ቆመ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተለይ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት የአሥር ዓመት ሥራ ተጀመረ።

እነዚህ ሁሉ ይነገርላቸዋል፤ ይገባቸዋልም። የሩቅ አጋር ሰነድ ስላለው አይረሳም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ ገንዘብ ተሠርቶ እስከ ዛሬ የጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም ተጽፎበታል። የሐረማያን ኮሌጅ ለማቋቋም የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት ያደረጉት ጥረት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ካለፈ ከሰባ ዓመት በኋላም ይነሣል። በዚህ በኩል ተረቱ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል።

ወደ ቆላድባ ሲመለሱ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የጎንደር ኮሌጅ ከጅምሩ የሚያስተምረው በክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሊመረቁ የተቃረቡ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒታሪያን ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ ዛሬም የቡድን ሥልጠናው አልቀረም። ይህ አሠራር እንዲቆም አንድ ነገር የግድ ነው፤ ሰው በሩን መክፈት አለበት። ተማሪው መጸዳጃ ቤት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የምንጩን ውኃ ያያል፤ ሕፃን ይመዝናል፤ ስንት ልጅ እንደሞተ ይጠይቃል። እናትየው ሥራዋን ትታ ትመልሳለች። የሞቱባትን ልጆች ለማታውቀው ወጣት መቁጠር ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው በጎንደር አካባቢ ባለው በዳባት ወረዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ውልደት፣ ሞትና ስደት በየጊዜው ሲመዘገብ ቆይቷል። በዚያ መረጃ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችና የጆርናል ጥናቶች ተሠርተዋል፤ መምህራን ማዕረግ አግኝተውበታል፣ ተማሪዎች ተመርቀውበታል። መላሿ እናት በጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ «የጥናቱ ተሳታፊዎች» ተብላ በአንድ ሐረግ ታልፋለች።

በኮሌጁ ሆስፒታልም ውስጥ እንዲሁ ነው። ጠዋት ራውንድ ሲጀመር አንድ ሲኒየር ሐኪም ፊት ፊት፣ ጋወን የለበሱ ተማሪዎች ከኋላ ሆነው አልጋውን ይከቡታል። ከገጠር የመጣ ሕመምተኛ ልብሱን ገልጦ ሆዱን ያስዳስሳል፤ አንዱ ዳስሶ ሌላው ይቀጥላል። የምትወልድ ሴት በዕድሜ ከልጇ የማይበልጥ ኢንተርን እጅ ላይ ትወልዳለች። ያልሠለጠነ እጅ የሚሠለጥነው በእነዚህ ሰዎች ገላ ላይ ነው። ለሕክምና ኮሌጅ ከዚህ የበለጠ የሚሰጥ አጋር የለም፤ የትኛውም ሕንፃና የትኛውም መሣሪያ ይህን አይተካም። ሆኖም በአገሪቱ የምረቃ መድረኮች ላይ ለሕመምተኛው ቆሞ ማመስገን ልማድ አልሆነም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተረቱን የሚያጠናክር ምሳሌ የተገኘው ደግሞ ከዚያው ከጎንደር ነው። ከኮሌጁ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብሎ በጀመረው ሥራ፣ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ከአንድ የከተማው ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል። በዓል ሲሆን ተማሪው ቤት ይጠራል፤ ሲታመም የሚጠይቀው አለ፤ ሲጨንቀው የሚያማክረው አለ። ሐሳቡ የቆመው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ግጭት በታመሱበት፣ ወላጅ የልጁን ድምፅ በስልክ ካልሰማ በማይተኛበት ዘመን ነው። ግቢ ውስጥ ፖሊስ መጨመር አንድ መፍትሔ ነበር። «ይህ ልጅ የእኔ ነው» የሚል የከተማ እናት ማግኘት ግን ጥበቃ ከሚሰጠው የተለየ ነገር ይሰጣል፤ ልጁ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ዶርሙ ውስጥ በዋዜማ ብቻውን የቀረ ፍሬሽ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በዚህ ሁኔታ የተማሪው ድርሻ ምንድን ነው? ለመንግሥት ያለበት ዕዳ ቅርጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት ኮስት ሼሪንግ ፈርሞ ይገባል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቀነሰ ይከፍላል። ለበዓል ዶሮ ላበላችው እናት ግን የሚከፈልበት ቅጽ የለም። እርሷም ቢከፈላት ቅር ይላታል። ተረቱ ለዚህ ነው የተሠራው። ተማሪው ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ጎንደርን አይተው ለማያውቁ ዘመዶቹ «እዚያ እናት አለችኝ» ቢል ውለታውን በአግባቡ ከፍሏል። ያ ንግግር በጅማ ወይም በጅግጅጋ አንድ ቤት ውስጥ ሲነገር ለአገር የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከአንዲት እናት ውለታ በላይ ነው።

መንገር ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ችግረኛ ተማሪን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ደብተርና ሳሙና አስይዞ፣ ከለጋሹ ጎን አቁሞ ፎቶ ማንሣት በየቦታው የሚታይ ነገር ሆኗል። ተማሪው የሚያነጋግራት ልጅ፣ አብሮት የሚበላ ጓደኛ፣ የሚያየው መምህር ያን ፎቶ ያየዋል። ያኔ የተነገረው የለጋሹ ደግነት ሳይሆን የልጁ ድህነት ነው። ተረቱ ይህን አላዘዘም። ንገር የተባለው የተደረገለት ሰው ራሱ ነው፤ ጊዜውን፣ ቦታውንና ቃሉን የሚመርጠውም እርሱ ነው። ተገድዶ የሚነገር ምስጋና ተቀባዩን ሁለተኛ ጊዜ ያስከፍለዋል። ይህን የሚያደርጉ ተቋማት በጎ እየሠሩ መስሏቸው እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም መቆም አለበት።

ሌላው አደጋ «ወይም» የምትለዋ መሸሸጊያ ስትሆን ነው። «ንገርለት» የተባለው ማድረግ ላልቻለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እጁ ያጠረ ተማሪ አይደለም። መምህር አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ ሐኪምና ጠበቃ አለው። ማድረግ እየቻለ የምስክር ወረቀት አድሎ የሚለያይ ተቋም ላይ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ሌላው ተረት ይፈጸምበታል። ለተቋም የሚገባው ሁለቱም ነው፤ ማድረግም መንገርም።

ማድረጉ ደግሞ የማይቻል ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክ የአገልግሎት ሕግ አወጣ፤ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ብዙ ገጠር ቀመስ ከተማ የመጀመሪያዎቹን የዲግሪ ተማሪ አስተማሪዎች ያየው በዚያ ዘመን ነው። ዛሬም የጎንደርን ጨምሮ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ቀለብ ለተከለከለች እናት፣ ርስቷን ለተነጠቀች መበለት ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በሰሜን ምዕራብ ላለው ሕዝብ ዋና መታከሚያ ነው። ከተማው ለኮሌጁ ያደረገው በዚህ መንገድ ይመለስለታል፤ በዚህ በኩል ሊመሰገን የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ነው።

ቀሪው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዳባት ቤቶች የተሰበሰበው መረጃ ምን እንዳሳየ በአማርኛ ተዘጋጅቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ለመላሾቹ ይነገር። የቆላድባን ወረርሽኝና የመጀመሪያዎቹን የኮሌጁን ተማሪዎች ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እያለፉ ነው፤ የታሪክ ክፍሎች ድምፃቸውን አሁኑኑ ይቅረጹ። የቃል ኪዳን ቤተሰቦች ፈቃዳቸው ተጠይቆ ስማቸው በምረቃው መጽሔት ላይ ይውጣ፤ አንፈልግም ያሉትም ይከበሩ። የሕክምና ምሩቃን መሐላቸውን ከመፈጸማቸው በፊት ለተማሩባቸው ሕመምተኞች ቆመው ያመስግኑ። አንተም፣ አንቺም፣ በሰው ከተማ የተማራችሁ ሁሉ፣ ያኔ በዓል ያሳለፋችሁበትን ቤት ስልክ ፈልጋችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ትምህርት ላይ ካለ ምን እንደጎደለውም ጠይቁ።