ዋሾ ወይስ ሕመምተኛ?

ሰው ያላየውን አየሁ፥ ያልዋለበትን ዋልሁ ሲል ዋሾ እንለዋለን። ይሁን እንጂ ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ ሐሰት የሚናገር ሰው ቢገኝ ምን ብለን እንፈርድበታለን?

ለምሳሌ ያህል በላስታ ደጋ የሚኖር፥ ብዙ ዘመን ጧት ማታ አረቄ ሲጠጣ የኖረ አንድ ሰው እናስብ። እህል አስጠልቶት ከአልጋ ከዋለ ሳምንት ሆኖታል፤ ሊነሣ ሲሞክርም ሳይጠጣ ይንገዳገዳል። በገና ማግስት ጎረቤቱ ሊጠይቀው ቢመጣ፥ «ትናንት ላሊበላ ወርጄ ቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኵሉ ሲሉ ሰማሁ» ብሎ የበዓሉን ነገር አሳምሮ ይተርክለታል። የተረከው ግን የቀድሞ ዓመት ትዝታ ነው። ጎረቤቱም «ከስካሩ ሌላ ውሸትም ጀመረ» እያለ ይሄዳል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ፥ የዓይንን እንቅስቃሴ የሚያውክ፥ እግርን የሚያንገዳግድና አእምሮን የሚያደናግር የአንጎል ሕመም መኖሩን ገለጠ። በ1887 ደግሞ ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮፍ በጠጪዎች ላይ ስለሚደርሰው የማስታወስ መጥፋት ጻፈ። የሁለቱም ሥር አንድ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ይኸውም የቫይታሚን ቢ 1 እጦት ነው። አንጎል ከእህል ያገኘውን ኃይል በሥራ ላይ ለማዋል ይህ ቫይታሚን ያስፈልገዋል። ጠጪ ግን በምግብ ፈንታ መጠጥ ይወስዳል፤ መጠጡም አንጀቱ ቫይታሚኑን እንዳይቀበል ያውካል። በእህሉ ውስጥ የነበረውም አረቄው ሲወጣ ከእንፋሎቱ ጋራ አይወጣም፤ በአተላው ይቀራል፤ አተላውንም ከብት ይጠጣዋል።

እንግዲህ ያ ሰው አልዋሸም። ትዝታው የተቀደደበትን ስፍራ አንጎሉ ከአሮጌው ትዝታ እየቈረጠ ጣፈው እንጂ።

«በፈቃዱ ጠጥቶ ያመጣው አይደለምን?» የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን መለኪያ ያነሣው በገዛ እጁ ነው። ነገር ግን «በሞቴ፥ ይቺን ብቻ» እያልን የቀዳንለት እኛ ነን። እንጀራውን ሳይነካ ሲነሣ «በሞቴ ጕረስ» ያልነው ስንቶቻችን ነን?

ይህ ሕመም ቶሎ ከታወቀ በቫይታሚኑ መርፌ ሊገታ ይችላል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው ትዝታ ተሟልቶ የሚመለሰው ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ሳይጠጣ የሚንገዳገደውን፥ ያልሆነውን ሆነ የሚለውን ጠጪ ስናይ «ሰክሮ ነው» ብለን ከማለፍ ይልቅ ወደ ሐኪም ቤት ልናደርሰው ይገባናል። በእርሱ ላይ ስንፈርድ የዋልንበት ቀን መድኃኒት ሊያገኝ የሚችልበት ቀን ነበርና።