ስለ ቀትር ጋኔንና ስለ ባልንጀራ ክስ

ሰው መከራ በደረሰበት ጊዜ በልቡ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «ይህን ያመጣው ምንድን ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ይህን ያደረገብኝ ማን ነው?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሰውን የሚያደርሱበት ስፍራ እጅግ የተራራቀ ነው። የፊተኛው ወደ ምርመራ ይመራል፤ የኋለኛው ግን መልስ ባያገኝ መልስ ፈጥሮ ለመከራው ፊት ያበጅለታል። የጥንት ሰዎች ለበሽታና ለነፋስ፣ ለጨለማና ለሐሩር አማልክትንና አጋንንትን የሰየሙት ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ በዚህ የሚመረመረው የአሕዛብ አማልክት ሐሰት መኾናቸው አይደለም፤ ይህንማ ለካህንና ለተማረ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የሚመረመረው፣ ሰው ለመከራው ፊት በሰጠ ጊዜ የማንን ፊት ሰጠው የሚለው ነገር ነው።

ለዚህም ነገር የይፋት ቆላ ጥሩ ምሳሌ ይኾናል። ከደብረ ብርሃን የተነሣ መንገደኛ በጣርማ በር አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም ቍልቍል ኼዶ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ግን ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አገሩም የማሽላና የማሾ፣ የሽንኵርትና የትምባሆ አገር ነው። በደጋ ጋቢ የደረበ ሰው በዚያው ዕለት ቆላ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ይህ አገር በቀድሞ ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች መንበር የነበረ፣ ደገኛና ቈለኛ፣ ክርስቲያንና እስላም በገበያ ሲገናኙበት የኖሩ አገር ነው።

የደጋ ሰው ግን ይህን ቆላ ሲያስብ ከማሽላው አስቀድሞ የሚታወሰው ንዳዱ ነበር። በቀትር ጊዜ በወንዝ ዳር ተኝቶ ወይም ፀሓይ ራሱን መትታው የታመመ ሰው ምች መታው ይባላል፤ ዳማከሴም ታሽቶ ይቀባል። ሕመሙ የጸናበት እንደ ኾነ ግን በቀትር የሚዞር ጋኔን አገኘው ይባላል። ይህም የቀትር ጋኔን ስሙ በ90ኛው የዳዊት መዝሙር ስለሚነሣ ለካህኑም ለምእመኑም እንግዳ አይደለም። ከዚህም ፍርሃት የተነሣ አንድ ልማድ ጸንቶ ኖረ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ወራት፣ ወደ ቆላ የወረደ ደገኛ ጕዳዩን በቀን ጨርሶ ፀሓይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ይመለሳል እንጂ በወንዝ ዳር ማደርን አይደፍርም።

ይህ ልማድ በዛሬው ዕውቀት ሲመዘን ያስደንቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1873 ዓ.ም. በአልጄሪያ አገር የወባን ተሐዋሲ በሕሙማን ደም ውስጥ አየ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስም በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር ያንኑ ተሐዋሲ በቢንቢ ሆድ ውስጥ አገኘው። ንዳዱን የምታስተላልፈው እንስቲቱ ቢንቢ ናት፤ ዝናሙ ሲያባራ በየጕድጓዱ በቀረው ውሃ ትራባለች፤ ሰውንም የምትነክሰው ይልቁን ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ «ቆላ ወርደህ አትደር» ያለው ሽማግሌ ምክንያቱን ስቶ ምክሩን አግኝቶ ነበር። ቀትርን በመፍራቱ ተሳሳተ፤ ከሌሊቱ በመሸሹ ግን ዳነ። ጋኔኑን በበሽታው ላይ ፊት አድርጎ ቢያቆምበትም፣ ያ ፊት የማንም ሰው ፊት ስላልነበረ በማንም ላይ በደል አልሠራበትም።

የሩቅ አገር ሕዝቦችም እንዲሁ አድርገዋል። የሮም ሰዎች ንዳድን ፌብሪስ ብለው እንደ ሴት አምላክ ቈጥረው፣ ጕዳቷ እንዲቀልላቸው በከተማቸው ሦስት ቤተ ጣዖት አቁመውላት ነበር። በመስጴጦምያ የሚያቃጥለው ፀሓይና ቸነፈሩ ኔርጋል የሚባለው ጣዖት ሥራ ነበር፤ የኩታ ሰዎችም ወደ ሰማርያ ሲፈልሱ ይህንኑ ጣዖት ይዘው እንደ መጡ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ17ኛው ምዕራፍ ተነግሯል። በግሪክ አገር የኤሊስ ሰዎች ዝንብ እንዲያባርርላቸው ለዜውስ ይሠዉ ነበር። ንጉሡ አካዝያስም ከሰገነት ወድቆ በታመመ ጊዜ መልእክተኞች የላከው ወደ አቃሮን አምላክ ወደ ብዔልዜቡል ነበር፤ የሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜም ይህን ስም ከዝንብ ጋራ ያያይዘዋል። ነቢዩ ኤልያስ መልእክተኞቹን በመንገድ ተገናኝቶ የገሠጻቸው በእስራኤል አምላክ የሌለ ይመስል ወደ ጣዖት ስለ ኼዱ ነው። ጣዖት ማምለክ በደል መኾኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለተነሣው ጥያቄ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ለንዳዱና ለዝንቡ የሰጡት ፊት የድንጋይና የእንጨት ፊት ነበርና፣ ስለ ስሕተታቸው የከፈሉት ዋጋ ከራሳቸው በረትና ከራሳቸው ጐተራ የወጣ ነበር።

ለመከራው የተሰጠው ፊት የሰው ፊት የኾነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሀገራችን ቡዳ የተባለው እምነት እንዲህ ያለ ነው። ቡዳ በሌሊት ጅብ ኾኖ የሚዞር፣ በዐይኑም ሰውን የሚበላ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ይህም ስም ብዙ ጊዜ የተጣለው በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቈዳ ፋቂውና በሸማኔው ላይ ነው። ከይፋት ቆላ በላይ በሚገኘው በአንኮበር አገር ከ1831 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀመጠው ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ ጠቢባን የሚባሉትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ሕዝቡ በሥራቸው እየተጠቀመ እንደ አስማተኛ ይፈራቸው እንደ ነበር ጽፏል። በማረሻው እያረሱ ማረሻውን የሠራውን መፍራት፣ በምጣዱ እየጋገሩ ምጣዱን የሠራችውን መሸሽ፣ ይህ ሳይመረመር የኖረ ነገር ነው።

የዚህም እምነት ክፋቱ ጐልቶ የሚታየው በማስለፍለፉ ላይ ነው። ሕመምተኛው በጽኑ ትኵሳት በተያዘ ጊዜ ዘመዶቹ ጭስ እያጨሱ «ማን ነህ? ከወዴት አገኘኸው?» እያሉ ይጠይቁታል፤ እርሱም ሲለፈልፍ የጠራውን ስም የበላው ሰው ስም ነው ብለው ይይዙታል። ንዳድ የጸናበት ሰው ግን ይቃዣል፤ በቅዠቱም የሚጠራው የሚያውቀውን ስም ነው፤ ይህም የጎረቤቱ፣ በገበያ ያየው ሰው፣ በልጅነቱ እንዲፈራው የተነገረው ሰው ስም ነው። በጤናው ቢኾን ዳኛ ሳያስምለው ቃሉን የማይቀበለው ሰው፣ አእምሮው በታወከበት ሰዓት ያለ መሐላ ምስክር ይኾናል። የተከሰሰውም ሰው መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ የለውም።

በዚህም ላይ የበሽታው ጠባይ ራሱ ክሱን ያግዘዋል። ወባ ሰውን እንደ ነከሰችው ወዲያው አትጥለውም፤ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቈይቶ ነው። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ያደረ ነጋዴ ደኅና ኾኖ ወደ ደጋው ይመለሳል፤ ቤቱ ገብቶ፣ ገበያ ውሎ፣ ምናልባትም ማረሻውን ለማስሳል ወደ ቀጥቃጩ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ በብርዱ አገር ንዳድ ያንቀጠቅጠዋል። ቆላውና ሌሊቱ ተረስተዋል፤ ቢንቢዋም በዐይን አልታየችም፤ የታየው ቀጥቃጩ ብቻ ነው። እንዲህም ኾኖ በሩቅ ያለው ምክንያት ሲጠፋ በቅርብ ያለው ሰው በደለኛ ይኾናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ይህ ሐሜት ሀገርን ምን ያህል እንደሚጐዳ አይተው ነው። ዐዋጅ ግን አንደበትን ይከለክላል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይመልስም።

ምናልባት አንድ ሰው «እንግዲያውስ መድኀኒቱ እንዲህ ያለውን የሐሰት እምነት በኃይል መንቀል ነው» ይል ይኾናል። ለዚህም መልሱ ከዚያው ከሸዋ ታሪክ ይገኛል። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲነግሡ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን መናፍስት ማምለክን ከመንግሥታቸው ለማጥፋት ቈርጠው ተነሡ። ሕዝቡ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል በአካሉ ላይ እንዲጽፍ አዘዙ። ሐሳባቸው ጣዖትን ለማጥፋት ነበር፤ ነገር ግን ለክስ በሩ በተከፈተ ጊዜ በዚያ በር የገቡት ሐሰተኞች ከሳሾች ነበሩ። ብዙ ሰው «ለደስክ ሰግዷል» እየተባለ ተቀጣ፤ የንጉሡ ልጆች እንኳ በዚህ ክስ ከቅጣት ወደ ሞት እንደ ደረሱ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። እነሆ፣ ጋኔንን የሚያሳድድ ሰው ጋኔኑን በባልንጀራው ፊት ላይ መፈለግ የጀመረ እንደ ኾነ፣ ጋኔኑን ከሚፈራው ሰው ጋራ በአንድ ስሕተት ይወድቃል። ልዩነቱ አንዱ በፍርሃት ሌላው በቅንዐት ማድረጉ ብቻ ነው።

የተማረ የከተማ ሰው ደግሞ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ቢንቢዋ ከታወቀች ወዲህ ጋኔኑ ሞቷል» ይል ይኾናል። እርሱም ቢኾን ቸኵሏል። ሮስ ቢንቢዋን ካገኛት 60 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ፣ ወባ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ሳይቀር ተነሥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። ቈላ ካልወረዱ አያገኝም የተባለው ንዳድ ዳገቱን ወጥቶ ሰውን በቤቱ አገኘው። የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ የታወቀውን የሚያደርግ እጅ ያስፈልጋል።

ደግሞም «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በትምህርት ብቻ አይጠፋም፤ ልብሱን ለውጦ ይመጣል። አንዱ «ቈለኞቹ ንጽሕና ስለማያውቁ ነው» ይላል፤ ሌላው «እንግዳ ሠራተኞች ያመጡት በሽታ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም የታመመውን ሰው ራሱን በደለኛ ያደርገዋል። በሸዋ ሮቢት ሜዳ ሽንኵርቱንና ትምባሆውን የሚያጠጣው ቦይ ሳይጠረግ ውሃ ከታቈረበት ለቢንቢ መራቢያ ይኾናል። በዚህ ጊዜ «ይህን ቦይ መጥረግ የማን ሥራ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ይህ ጥያቄ ግን ከቡዳ ጥያቄ ጋራ አንድ አይደለም። የቡዳ ጠያቂ ከራሱ ውጭ ያለውን ሰው ይፈልጋል፤ ስሙን ካገኘ በኋላም ሥራው አለቀ። ቦዩን የሚጠይቅ ሰው ግን ከሚጠየቁት መካከል ራሱንም ይቈጥራል፤ መልሱንም ባገኘ ጊዜ ሥራው ይጀምራል።

እንግዲህ በኅዳር ማታ በቆላው ውስጥ አንድ ሕፃን በንዳድ ቢቃዥ፣ በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱን መምረጥ ግድ ይኾንባቸዋል። «ማን በላው?» ያሉ እንደ ኾነ ሌሊቱ በጭስና በክስ ያልፋል፤ ንዳድ ደግሞ ሕፃንን ለመግደል ብዙ ሌሊት አያስፈልገውም። «ምን ያዘው?» ያሉ እንደ ኾነ ግን ደሙን ወደሚመረምር ሐኪም ተሸክመውት ይኼዳሉ። ይህም ከጸሎት ጋራ የሚጣላ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥም አንድ ላይ ያዝዛልና። ሕፃኑ በትኵሳቱ ውስጥ የጎረቤቱን ስም ቢጠራ፣ ምናልባት ያ ጎረቤት ተጠርቶ ሊሸከመው የሚችል ብርቱ ሰው ይኾናል። ስለዚህ ስሙ በተጠራ ጊዜ ሰውየውን ለክስ ሳይኾን ለርዳታ መጥራት ይገባል።