ልጄ፣ የማሽኑን ሰዓት አትጎትቺው

ልጄ፣ ጎንደር ከተማ የጤና መዝገብ ሥራ ይዘሽ፣ ተርሚናሉን ከፍተሽ እንደምታመሺ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔም ዕድሜዬን ከማሽን ጋር ነው የጨረስኩት። አሁን ኮሶዬ ቁጭ ብዬ ቆላውን ቁልቁል ከማየት ሌላ ብዙ ሥራ የለኝም። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ቀላል መስሎ ሰው የሚያሳስት እሱ ነው።

የኮሶዬ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፈው እንግዳ እዚህ ወርዶ ገደሉን ያያል። «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እንነሣለን» ቢሉት፣ በእሱ ሰዓት 8 መሆኑ ካልተነገረው ይደናገራል። አስጎብኚዎቹ ለምደውታል፤ ሁለቱንም ይናገራሉ። ማሽኑ ግን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቅ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሊኑክስ ሰዓትን የሚይዘው ሰከንድ እየቆጠረ ነው። ቆጠራው የሚነሣው በፈረንጅ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1970፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ያ ቁጥር ለጎንደርም ለዋሽንግተንም አንድ ነው። «ዴት» ብለሽ ስትጠይቂ ከአገር አገር የሚለያየው አወጣጡ ብቻ ነው። አወጣጡን የሚወስነው የሰዓት ቀጠናው ነው፤ በሼል ውስጥ «ቲዜድ» በሚባለው ተለዋዋጭ ትሰጪዋለሽ። ቁጥሩን አትንኪው ልጄ። አወጣጡን እንዳሻሽ አድርጊው፤ ቁጥሩን ግን አትንኪው።

ሰው ግን ይነካዋል። ከግድግዳው ሰዓት ጋር እንዲስማማለት ብሎ የኮምፒውተሩን ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታል። ለጊዜው ምንም አይታየውም። ቆይቶ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የመግቢያ ኮድ አልቀበልም ይለዋል። ከሰዓት በኋላ የጻፈው ፋይል ጠዋት ከጻፈው የቀደመ ይመስላል። የእሱ ሎግ ከሌላው ሰርቨር ሎግ ጋር አልገጥም ይላል። ያን ጊዜ ማን ጎተተው ቢባል፣ የሚያስታውስ አይገኝም።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ፤ እሱን ቀስ ብለሽ ስሚኝ። አገራችን ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በጋ ከክረምት አይለወጥም። ታዲያ ብዙ ልጅ ይህን ያውቅና ቲዜድ ላይ «ኢኤቲ ፕላስ 3» ብሎ ይጽፋል። በዚያ አጻጻፍ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፕላስ ማለት ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ማሽኑ በ3 መቅደሙ ቀርቶ በ3 ይዘገያል። ከትክክለኛው 6 ሰዓት ጎደለ። 6 ሰዓት ደግሞ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ጠዋት በ2 ሰዓት ብታዪው 2 ይልሻል። ከሰዓት በኋላ በ9 ብታዪው 9 ይልሻል። ቀኑን ሙሉ ከእጅ ሰዓትሽ ጋር ተስማምቶ ይውላል፤ ስሕተት ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጉዱ የሚወጣው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ማሽኑ ቀኑን ገና አልለወጠም። በሌሊት 8 ሰዓት የተወለደ ሕፃን በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። አያትሽ ቢሆኑ ሌሊቱን ለትናንቱ ቀን መስጠታቸው አይቀርም፤ እሳቸው ግን መዝገብ አይጽፉም። የአንቺ መዝገብ የክትባት ቀጠሮ ይቆጠርበታል።

ስለዚህ ፕላስና ማይነሱን ተዪው። «አፍሪካ»፣ እዝባር፣ «አዲስ»፣ የግርጌ ሰረዝ፣ «አበባ» ብለሽ የቀጠናውን ስም ሙሉውን ጻፊ። በብዙ ማሽን ላይ ይህ ስም ከናይሮቢ ጋር ተያይዞ ብታገኚው አይክፋሽ፤ ሰዓቱ አንድ ነው። ፊደሉን ግን ደጋግመሽ እዪው። ስሙን ከሳትሽ ሊኑክስ አይነግርሽም፤ ዝም ብሎ የግሪንዊችን ሰዓት ይሰጥሻል። ሰርቨሩ ራሱ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ እንዳለ ተዪው። ጠዋት በ2 ሰዓት እንዲነሣ የፈለግሽውን ሥራ ክሮን ላይ 5 ብለሽ ያዢለት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር ብትሰጪው «ዴት» ልክ ያልሆነ ቀን ነው ብሎ ይመልስልሻል። ጳጉሜንም አይቀበልም። ይህ እንኳ ደግ ነው። የሚያስፈራኝ ሳይጮህ የሚቀበለው ነው። መስከረም 5 ቀን 2018ን በቁጥር ብትጽፊለት፣ በፈረንጅ የ2018 ጃንዩዋሪ 5 አድርጎ ይወስደዋል። ወደ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። 8 ዓመት ደምሮ መገላገልም አይሆንም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ልዩነቱ 7 ነው። ደግሞ ሉቃስ አለ። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ የ2020 መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። እስከ ፈረንጁ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። ስለዚህ የተፈተነ መቀየሪያ ተጠቀሚ፤ በእጅሽ አትቀንሺ። ዓመተ ምሕረት ይሁን የፈረንጅ፣ በፋይሉ ስም ላይ ጻፊው። አንቺ ይህን ማድረግ አያቅትሽም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ልተውሽ። በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ ማሽኖች ቁጥራቸው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ነው። ጎንደሬው ፋሲል መዋኛ ተሰብስቦ ሳለ፣ ማሽኖቹ ከዚያች ሰከንድ በኋላ ወደ 1894 ዓ.ም. ይመለሳሉ። አደራሽን፣ መሥሪያ ቤታችሁ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ካለ ከአሁኑ ፈልጊው፤ ለአለቃሽም በጽሑፍ አሳውቂ።