ስለ ተኮላሸ ውሻና ስለ ሰው ጠባይ

ጠባይ ከሥጋ የሚመጣ ነው ወይስ ከፈቃድ? በዚህ ጥያቄ ብዙ ሊቃውንት ተከራክረዋል። እኔ ግን ለወጣት አንባቢ የምመርጠው ከሊቃውንቱ ክርክር አስቀድሞ በየደጃፋችን የሚተኛውን እንስሳ፣ ይኸውም ውሻን፣ እንዲመለከት ነው። ትንሹ ነገር በሚገባ የተመረመረ እንደ ሆነ ትልቁን ያስረዳልና።

በሀብሩ አገር ማኮላሸት እንግዳ ነገር አይደለም። አርሶ አደሩ በሬውን ጥቂት ዓመት ካረሰበት በኋላ ያኮላሸዋል፤ ሰንጋ ሆኖ እንዲሰባለት ነው። በጉንና ፍየሉንም አኮላሽቶ ሙክት ያደርገዋል፤ ሙክት ይሰባል፣ ይረጋል፣ ገበያ ሲወጣም ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ውሻን ማኮላሸት ግን በእኛ ዘንድ ብዙ አልተለመደም። የውሻ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ውሻውን የሚያስኮላሽ ሰው የሚፈልገው ስብ ሳይሆን ጠባይ ነው። የሥነ ምግባሩም ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

አንድ የመርሳ ወጣት ወንድ ውሻውን በእንስሳት ሐኪም አስኮላሸ። ውሻው ማሽላውን ከዝንጀሮ፣ በረቱን ከጅብ የሚጠብቅ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን በሰፈሩ አንዲት ሴት ውሻ ወንድ የፈለገች እንደ ሆነ አጥር ዘሎ ሦስት አራት ቀን ይጠፋል፤ ሲመለስም ጆሮው ተቀዶ እግሩ አንክሶ ነው። ከተኮላሸ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከግቢው መራቅ ተወ። ይህ ወጣት ራሱ በዚያው ሰሞን በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ዱላ እስከ ማንሣት ደርሶ ነበርና ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል። እኔ ዘንድ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ውሻዬ በአንድ ቀን ቁስል ጨዋ ከሆነ፣ ጨዋነት የደም ነገር ነው ማለት ነው። እንግዲያስ ዱላውን ያነሣው ደሜ ነው እንጂ እኔ ነኝን? ሽማግሌዎቹ በምን ይፈርዱብኛል?»

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም የሥጋን ድርሻ የሚክድ መምህር ተማሪውን ያታልላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. ቤርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በጌቲንገን ከተማ ስድስት ጫጩት አውራ ዶሮዎችን መረመረ። ቆለጣቸው ፈጽሞ የወጣባቸው አድገው እንደ አውራ ዶሮ መጮኽንም መዋጋትንም ተዉ፤ ቆለጡ ከሆዳቸው ውስጥ በሌላ ስፍራ የተተከለላቸው ግን ኵክኒያቸው አደገ፣ ጮኹ፣ ተዋጉም። ከዚህም የተነሣ ቆለጥ ወደ ደም የሚልከው አንዳች ነገር እንዳለ ታወቀ። ያ ነገር በ1935 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከኮርማ ቆለጥ ተለይቶ ወጣ፤ ቴስቶስተሮን ተብሎም ተሰየመ።

ውሻ በተኮላሸ ጊዜ ይህ ቅመም ከደሙ ውስጥ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ጠባዩ ግን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይለወጣል። ሴት ፍለጋ መዞሩ በአብዛኞቹ ውሾች ይቀንሳል። ከወንድ ጋር መጣላቱና በየግንቡ መሽናቱም በብዙዎች ይቀንሳል፤ በሁሉም ግን አይደለም። አስቀድሞ የለመደ ውሻ ከተኮላሸም በኋላ በሴት ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ልማድ ደም ከቀነሰ በኋላም ይቀራልና። ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ሲያንስ የመብላት ፍላጎቱ ስለሚጨምር፣ እንደ ቀድሞው የተመገበ እንደ ሆነ ይወፍራል።

አሁን ደግሞ ያልተለወጠውን ተመልከት። የተኮላሸው ውሻ ሌባ ሲመጣ እንደ ቀድሞው ይጮኻል። ጌታውን ያውቃል፤ ሲያየው ጅራቱን ይቆላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ያገራችን ተረት ለተኮላሸውም ላልተኮላሸውም እኩል ይሠራል። እንዲሁም ከፍርሃት የተነሣ የሚነክስ ውሻ በማኮላሸት አይድንም፤ በድንጋይና በዱላ ያደገ ውሻ ፍርሃቱን ይዞ ይኖራል። እንግዲህ ቢላዋው የወሰደው ግፊቱን ነው፤ ታማኝነቱንም ፍርሃቱንም ሊወስድ አልቻለም። እነዚህ ከአስተዳደጉ ጋር የተያያዙ ናቸውና።

ለዚያ ወጣት የመለስኩለት ይህንኑ ነው። «ውሻህ ከግቢ አለመውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አመስግነኸዋልን? ስለ ጨዋነቱስ ሸልመኸዋልን? አላደረግኸውም፤ የቀረለት ፍላጎት ነው እንጂ የተሸነፈ ፍላጎት የለምና። አንተ ግን ደምህ እየፈላ ሳለ ዱላውን ብታስቀምጥ ኖሮ ሽማግሌው ሁሉ በመረቀህ ነበር። የምትመረቅበት ነገር ካለ የምትወቀስበትም አለ። ምርቃቱን ለራስህ ወስደህ ወቀሳውን ለደምህ ልትሰጥ አትችልም።» ወጣቱ ዝም ብሎ ሄደ። በኋላም በሽማግሌዎቹ ፊት «አጥፍቻለሁ» ብሎ መካሱን ሰማሁ።

ከዚህ ነገር የምንማረው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ግፊት የሥጋ ነው፤ ስለ ግፊቱ ማንም ሊያፍር አይገባውም። ሁለተኛ፣ ግፊት ማጣት ጨዋነት አይደለም፤ ገንዘብ አይቶ የማያውቅ ሰው «አልሰረቅሁም» ብሎ ቢመካ ይሣቅበታል። ሦስተኛ፣ ሥጋ የተጎዳበት ሰው ሰውነቱ አይጎድልም። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የኢትዮጵያ ጃንደረባ የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የታመነ ሰው ነበር፤ በሠረገላውም ተቀምጦ የነቢዩን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። መታመኑንና እውነትን መሻቱን ምላጭ አልነካውም።

የቀረው ጥያቄ፣ ውሻን ማስኮላሸት ተገቢ ነውን የሚለው ነው። ውሻው አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚተሳሰበው ከባለቤቱ ጋር ነው። እኔ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የማይኮላሹት ውሾች ፍሬ ምን እንደሚሆን እናያለን። በየቦዩ የተጣሉ ቡችሎች፣ በየቄራው ደጃፍ የሚናከሱ ከሲታ ውሾች፣ በኋላም በከተሞች የሚጣልላቸው የተመረዘ ሥጋ ነው። ሳይወለዱ መቅረት ተወልዶ በመርዝ ከመሞት ይሻላል። ጉዳቱ ለዱር እንስሳም ይተርፋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም 500 ገደማ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው፤ በእኛው በሰሜን ወሎ በአቡነ ዮሴፍ ተራራም ይኖራል። በባሌ ተራሮች ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር እየተዳቀሉ ክልስ ወልደዋል፤ ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታም ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

ነገር ግን ተገቢ የሚሆነው ባለቤቱ ግዴታውን ሲፈጽም ነው። ሥራው በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ ይሁን እንጂ በገመድ አስሮ በመቀጥቀጥ አይሁን። ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ከሴት ይጠበቅ፤ የቀረው ዘር ገና ሊያስረግዝ ይችላልና። ምግቡም ይመጠን። ከሁሉ በላይ ግን ማኮላሸት ክትባት አይደለም። የተኮላሸ ውሻም ያብዳል። የእብደት በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ውሻው በየጊዜው ይከተብ፤ የተነከሰም ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻውን አስኮላሽቶ «አሁንስ ለመደ» በማለት ሳያስከትብ በየመንገዱ የሚለቅ ሰው የውሻውን ግፊት አጠፋ እንጂ የራሱን ስንፍና አላጠፋም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «አመል ያወጣል ከመሐል» ብለዋል። ውሻን ከመሐል እንዳይወጣ ሐኪም ይረዳዋል። አንተን ግን የሚረዳህ ቁጣ ሲመጣብህ ጥቂት መዘግየትን፣ ክፉ ቃል ከአፍህ ሳይወጣ መዋጥን፣ ባጠፋህም ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለትን ዕለት ዕለት መልመድ ነው። ይህ ልምምድ ያደክማል፤ ፍሬው ግን ማንም ቆርጦ የማይወስደው ያንተ ሀብት ነው።