ሳንመርጥ መመልከት

በዲስክ ማጫወቻ ፊልም የሚመለከት ሰው አስቀድሞ ይመርጥ ነበር። ወደ ፊልም ማከራያው ሄዶ አንዱን ያነሣል፣ ሌላውን ይተዋል፤ ዲስኩም ሲያልቅ ያልቃል። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ማጫወቻዎች በአሜሪካ ሲጀመሩም ይህ ልማድ ወዲያው አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤልጂ ያወጣው የብሉ ሬይ ማጫወቻ የኔትፍሊክስን ፊልሞች ያለ ዲስክ በቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ ተመልካቹ የሚፈልጋቸውን በኮምፒዩተር መርጦ ማስመዝገብ ነበረበት፤ ማጫወቻውም የሚያቀርብለት ያንኑ ዝርዝር ነበር። በ2012 ግን ኔትፍሊክስ አንዱ ክፍል ሲያበቃ ተከታዩ በራሱ እንዲቀጥል አደረገ። እነሆ፣ ፈቃዳችን የሚጠየቀው ለመጀመር መሆኑ ቀርቶ ለማቆም ሆነ።

ታዲያ ያልመረጥነው፣ ነገር ግን ያላቋረጥነው ነገር የእኛ ተግባር ነውን? ብዙዎቻችን «ራሱ ቀጠለ» ብለን እናመካኛለን። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ግን ሰው ምንም ሳያደርግም ፈቃዱ ሊኖርበት እንደሚችል ያስተምራል። ምሳሌው መርከብ ነው፤ መሪውን የያዘው ሰው መምራቱን በመተዉ መርከቢቱ ብትሰጥም፣ መስጠሟ በእርሱ ይቈጠራል። ይኸውም መምራት የሚችልና የሚገባው ሆኖ ሲገኝ ነው።

ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ቴሌቪዥኑ ብቻውን ሲያወራ ቢያድር፣ ከመብራት ቆጣሪው በቀር የሚከሰው የለም። ነቅቶ፣ ሪሞቱን በእጁ ይዞ፣ የቤተሰቡ የማታ ጸሎት ሰዓት ሲያልፍ እያየ ዝም የሚለው ግን ፈቅዷል፤ ፊልሙ መልካም ቢሆን እንኳ።

ከሁሉ የሚከብደው የሕፃናት ነገር ነው። ሕፃኑ ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅምና መሪው በእጁ ነው ልንል አንችልም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1994 ለዓለም አቀፍ የማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፉት፣ ስለ ቴሌቪዥንና ቤተሰብ በሚናገረው መልእክት፣ ወላጆችን ስለዚሁ ኃላፊነታቸው አሳስበዋል። በዚያን ጊዜ የአገራችን ቴሌቪዥን ሌሊት ይዘጋ ስለ ነበር ወላጅን በጥቂቱም ቢሆን ያግዘው ነበር። ዛሬ ያ እገዛ የለም፤ በብዙ ቤትም ሪሞቱን ከአባት ይልቅ ልጅ ያውቅበታል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወላጆችን ሲያነጋግሩ፣ ቴሌቪዥንን በጅምላ ከማውገዝ ይልቅ፣ ይህን በራሱ የመቀጠል ነገር ከማስተካከያው ገብቶ ማጥፋት እንደሚቻል ቢያሳዩአቸው እንመርጣለን። በኔትፍሊክስ የሚስተካከለው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻ ስለሆነ፣ አባት የራሱን አጥፍቶ የልጁን እንዳይረሳ።