ሰኔ ሚካኤልና ኅዳር ሚካኤል፦ ጸሎት በማጣት ጊዜ

በላይ አርማጭሆ ደጋ የገንዘብ ጭንቀት ወቅት አለው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ወደ ሳንጃና ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በትክል ድንጋይና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሰኔ ሲገባ የአምናው እህል ጎተራ ውስጥ ይሳሳል። ማዳበሪያና ዘር የሚገዛው፣ የክረምቱ ቀለብ የሚሸመተው ያኔ ነው፤ ብድር የሚወሰደውም ያኔ ነው። ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲታጨድ፣ ከዚያም ሲወቃ አበዳሪና ተበዳሪ ይተሳሰባሉ። የቅዱስ ሚካኤል ሁለት ታላላቅ በዓላት የሚውሉት በእነዚሁ ሁለት ወራት፣ ሰኔ 12 እና ኅዳር 12 ቀን ነው። በሁለቱም ቀናት በቤተ ክርስቲያን ከሚነበቡት ታሪኮች ዋነኞቹ ስለ ገንዘብ ማለቅ ይናገራሉ። ምእመኑ ሲቸገር እንዴት እንደሚጸለይ የተማረው በብዛት ከእነዚህ ንባቦች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሰኔው ታሪክ የአፎምያ ነው። አፎምያ ከባሏ ጋር በየወሩ በ12፣ በ21 እና በ29 በዓል እያከበረች ድሆችን ትመጸውት ነበር። ባሏ ሊሞት ሲል ይህን እንዳታስታጉል አደራ ሰጣት፤ የቅዱስ ሚካኤልንም ሥዕል አሥሎ ተወላት። በመበለትነት ስትኖር ሰይጣን መነኩሴ መስሎ መጣ። ምክሩ ሲሰሙት ክፋት ያለበት አይመስልም፦ ገንዘቧ እንዳያልቅ ምጽዋቷን ትተው፣ ባሏ መንግሥተ ሰማያትን ስለወረሰ ምጽዋት አያሻውም፣ እሷም ሌላ ባል ታግባ። ጥንቁቅ ዘመድ ሁሉ የሚለው ነው። አፎምያ ግን አልተቀበለችውም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ምክሩ ሲመጣ የሴትየዋ ገንዘብ ገና አለማለቁ ነው። ፍርሃቱ ማጣቱን ቀድሞታል፤ የፍርሃቱም የመጀመሪያ ሥራ እጇን ከድሃው ማስመለስ ነበር። ወንጌሉም ስለ ነገ መጨነቅን ሲከለክል የሚነካው ይህንኑ ነው። መዝራትንና ማከማቸትን ሳይሆን፣ ሰው ገና ላልመጣ ረሃብ ብሎ ዛሬ የተራበውን መርሳቱን ይወቅሳል።

በኅዳሩ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ በእርግጥ አልቋል። ዱራታዎስና ሚስቱ ቴዎብስታ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን በዓል የሚዘክሩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። ሀብታቸው አልቆ ለዝክሩ የሚሆን ሲያጡ ልብሳቸውን ሊሸጡ ተነሡ። ዱራታዎስ ልብሱን ይዞ ሲወጣ መልአኩ በመኮንን አምሳል ተገለጠለትና እንዳይሸጠው ነገረው። በእሱ ስም ከባለ በጎቹ በግ፣ ከዓሣ አጥማጁ ዓሣ፣ ከነጋዴው ስንዴ እንዲወስድ፣ የዓሣውን ሆድ ግን እሱ እስኪመጣ እንዳይከፍት አዘዘው። ዝክሩ ሆነ፤ ድሆች በሉ። በኋላ የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 የወርቅ ዲናር፣ ከዚያም በተጨማሪ ለበጉ፣ ለዓሣውና ለስንዴው የሚከፈል ገንዘብ ተገኘበት። ቀሪው ለቤተሰቡ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ በአድማጭ ልብ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ወርቁ ነው። የበለጠ የሚያስተምረው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ነው። ባልና ሚስቱ ባለጠግነት አልለመኑም፤ ሌላውን ሳያስቸግሩ የገዛ ልብሳቸውን ነው ያወጡት። መልአኩ ወርቁን በመጀመሪያው ቀን አልሰጣቸውም፤ መጀመሪያ የሰጣቸው ዋስትናውን ነው። ተአምሩ ሲመጣም ባለ በጉ፣ ዓሣ አጥማጁና ነጋዴው አልተረሱም፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ለብቻው ተቆጥሮ ተቀምጦለታል። በሌላው ገንዘብ መጽደቅ የለም ማለት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ያለችው፣ ባለ ዕዳው ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣባት መበለትም ነቢዩ ኤልሳዕን ስትለምነው የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳለ ነበር። ጥቂት ዘይት ነበራት። ከጎረቤት ማድጋ ተውሳ ሞላች፤ ዘይቱን ሽጣ መጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ታዘዘች። ጸሎቱ፣ ሽያጩና የጎረቤት ማድጋ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተያይዘዋል።

ስለዚህ የዱራታዎስን ታሪክ ለድግስ ብድር መከራከሪያ ማድረግ ስሕተት ነው። በጎንደር ገጠር ለተዝካር ሲባል በሬ ተሸጧል፤ መሬትም በወለድ አገድ ተይዟል። በወለድ አገድ አበዳሪው ዕዳው እስኪከፈል መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይወስዳል፤ ባለ መሬቱ ለሞተው ሲል የቆመውን ቤተሰብ ያስርባል። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎትን፣ ቅዳሴንና ምጽዋትን ታዛለች፤ ሰፈሩን ሁሉ በብድር ማብላትን አታዝም። ፍትሐ ነገሥት በተቸገረ ወንድም ላይ ወለድ መጫንን ያወግዛል። በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም ለተቸገረ ማበደርን ያስተምራል፤ ለባልንጀራ ዋስ መሆንንም ያመሰግናል፤ ዋስ የሆነ ሰው ራሱ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ እንዳለበትም ይመክራል። የሀገሪቱ ሕግ በበኩሉ አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። አራጣ ግን በጨለማ ይሠራል፤ ሰኔ ላይ የተራበ ሰውም ውሉን አያነብም።

ስእለትም ጥንቃቄ ይሻል። ችግሩ ሲጠና ዕዳዬ ቢቃለልልኝ ብሎ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ወይም በግ መሳል የተለመደ ነው። ስእለት የምስጋና ቃል ኪዳን ሲሆን መልካም ነው። ከባለዕዳነት ላይ ሌላ ባለዕዳነት ሲጨምር ግን ጭንቀቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ የተለየ ጸሎት በየቤቱ ባለው ዳዊት ውስጥ ይገኛል። ከ150ው መዝሙር ቀጥለው ከሚመጡት መኃልየ ነቢያት አንዱ የነቢዩ ዕንባቆም ጸሎት ነው። ነቢዩ የሚቆጥረው ገበሬ የሚቆጥረውን ነው፦ በለሱ፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ እርሻው፣ በረቱ። ሁሉም ባዶ ቢሆን እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ይናገራል። ውለታ አልቆጠረም፤ ቅድመ ሁኔታም አላስቀመጠም። በክፉ ቀን ሰውን ሳይሰበር የሚያቆመው የዚህ ዓይነቱ ጸሎት ነው፤ ለዚህም ነው በጥጋብ ጊዜ መለመድ ያለበት።

ይሁን እንጂ ይህ ጸሎት ለራስ እንጂ ለተራበ ጎረቤት የሚመከር አይደለም። እግዜር ይስጥህ ማለት ምጽዋት ለጠየቀ የሚሰጥ የተለመደ መልስ ነው፤ እጅ ባዶ ሲሆን ምርቃት ነው፣ ጎታ ሞልቶ ሳለ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ የወቀሰው፣ የተራበውን ሳያበሉ በሰላም ሂድ ብሎ መሸኘት ነው። የጽዋ ማኅበር ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም እየተባለ አባላቱ በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ባለ ተራው ጠላና ዳቦ ያቀርባል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ቀጣዩ ጽዋውን ተረክቦ ይሄዳል። ማን ጽዋውን በሙሉ ልብ እንደተቀበለ፣ ማን እያቅማማ እንደተቀበለ ሁሉም ያያል። የቤት ችግር ከወሬ በፊት የሚታወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የብድርና ቁጠባ ተቋም አብቁተም ለገበሬው ሲያበድር በቡድን ዋስትና ይሠራ ነበር፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ዋስ አይሆኑምና በአካባቢው የነበረው መተማመን ለብድሩም መያዣ ሆኖታል።

ያለፉት ዓመታት ይህን መተማመን ክፉኛ ፈትነውታል። የደጋው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሁመራ፣ ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ቆላ ወርዶ ያመጣ የነበረው ገንዘብ የብዙ ቤት ዕዳ መክፈያ ነበር፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነትና የመንገዱ ሥጋት ይህን አስተጓጉሎታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ማዳበሪያም ጭምር፣ ዋጋው ከበደ። የገጠሩ ካህንም የሚኖረው እንደ ምእመኑ አርሶ ነውና የሚያጽናናው ሰው ራሱ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰኔ 12 ቀን የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች ከጸሎቱ በኋላ፣ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ ከመተላለፉ በፊት፣ ከመካከላቸው እህል ያለቀበትና አራጣ ሊበደር ያሰበ ካለ ይጠይቁ። ካለም ድግሱን ቀንሰው፣ እህሉን አዋጥተው ያለ ወለድ ያበድሩት፤ ኅዳር ላይ ይመልሳል።